ባሕር ዛፉ ላይ ያለው ጠባሳ

ሜልበርን ከተማ እምብርት ላይ፣ መቶ ሺህ ሰው ከሚይዘው የክሪኬት ስታዲየም አጠገብ፣ ያራ ፓርክ የሚባል መናፈሻ አለ። በመናፈሻው ውስጥ ጠባሳ ያለባቸው ያረጁ የባሕር ዛፍ ግንዶች ይገኛሉ። ጠባሳው ሞላላ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ዛፉ መሐሉ የተከፈተ በር ይመስላል። ጨዋታ ለማየት የሚጣደፈው ሕዝብ ልብ ሳይለው ያልፋል። ልጆች ግን ዛፉ ሥር ሲደርሱ መቆማቸው አይቀርም፤ ምን እንደነካው ይጠይቃሉ።

መልሱ የእጅ ሥራ ነው። የቦታው ባለቤቶች የሆኑት ሕዝቦች፣ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት፣ የዛፉን ቅርፊት በድንጋይ መጥረቢያ ጠርዝ ጠርዙን ቆርጠው በጥንቃቄ ይፈለቅቁት ነበር። ከዚያ ቅርፊት ታንኳ ይወጣል፤ ጋሻ ይወጣል፤ ውኃና እህል መያዣ ገበታ ይወጣል። ዛፉን አይጥሉትም። ዙሪያውን ቢልጡት እንደሚደርቅ ስለሚያውቁ በአንድ ጎን ብቻ የሚበቃቸውን ያህል ይወስዳሉ። ዛፉም ቁስሉን ከዳር ወደ መሐል እየሸፈነ ይኖራል። እንዲህ ያለ ዛፍ ፊት የቆመ ሕፃን ስለ አቦርጂናል ሕዝቦችና ስለ መሬት ያላቸው ትስስር የመጀመሪያውን ትምህርት ያለ መጽሐፍ አገኘ ማለት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ዛፉ ራሱ የቤት ዘመድ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ያጠራትን አዲስ አበባ የታደጋት፣ ስሙም ከየት እንደመጣ የሚናገረው ባሕር ዛፍ ትውልዱ አውስትራሊያ ነው። እኛ ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ዝርያ እዚያ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው፤ ታንኳ ሲወጣለት የኖረውም እሱ ነው። ሜልበርን የተቆረቆረችበት መሬት ነባር ባለቤቶች ከሆኑት አንዱ የዉሩንጄሪ ሕዝብ ይባላል። «ዉሩን» በቋንቋቸው የባሕር ዛፍ ዓይነት ነው፤ «ጄሪ» ደግሞ በዛፉ ውስጥ የሚኖር ትል። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው በዛፍና በትል ስም ነው።

በአውስትራሊያ ትምህርት ቤቶችና መዋዕለ ሕፃናት ዛሬ ይህን ትስስር ለልጆች ማስተማር የተለመደ ሆኗል። ሀገር አቀፉ ሥርዓተ ትምህርት የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝቦችን ታሪክና ባህል በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ ሊገቡ ከሚገባቸው ጉዳዮች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል። ጥያቄው ይማሩ ወይስ አይማሩ ሳይሆን እንዴት ይማሩ የሚለው ነው። አንድ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ይታያል፦ ትምህርቱ የሚሰምረው ከልጁ እግር ሥር ካለው መሬት ሲነሳና ዛሬም በዚያ መሬት ላይ ካሉት ባለቤቶች አፍ ሲሰማ ነው። «በጥንት ዘመን አንድ ሕዝብ ነበረ» ተብሎ ሲጀመር ግን ገና ከመነሻው ይሳሳታል።

ቃሉን ራሱን መረዳት ያስፈልጋል። አቦርጂናል ሕዝቦች በእንግሊዝኛ ሲናገሩ «ካንትሪ» ይላሉ። ፍቺው «አገር» ነው፤ እነሱ የሚሰጡት ትርጉም ግን ስለ ባንዲራና ስለ ድንበር አይደለም። መሬቱ፣ ውኃው፣ ሰማዩ፣ ነፋሱ፣ እንስሳቱ፣ ያለፉት አባቶችና የሚወለዱት ልጆች ሁሉም በቃሉ ውስጥ አሉ። አገር ይሰማል፤ ይታመማል፤ ያነጋግሩታል፤ ይዘፍኑለታል። እትብት የተቀበረበትን ቦታ ከዘመድ ለይቶ የማያይ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። እኛ ስለ ርስት ስናወራ መሬቱ የባለርስቱ ነው፤ በአቦርጂናል ሕዝቦች ዘንድ ሰውየው የመሬቱ ነው። የመጠበቅ ግዴታ እንጂ የመሸጥ መብት አብሮት አይወለድም።

አገሩ ደግሞ አንድ አይደለም። እንግሊዞች በ1788 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹና ቀኖቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲሰፍሩ በአህጉሩ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱ ወንዝና ኮረብታ፣ የራሱ ሕግ ነበረው። በሰሜን አውስትራሊያ በማጄድቤቤ የድንጋይ መጠለያ የተገኙ መሣሪያዎች 65,000 ዓመት ገደማ እንደሆናቸው ያጠኗቸው ተመራማሪዎች በ2017 አሳውቀዋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለብዙ ቀለም የቋንቋዎች ካርታ ልጆችን የሚያስገርመው በቋንቋዎቹ ብዛት ነው። አንድ ባዶ አህጉር የመሰላቸው ቦታ ጥብቅ ብሎ እንደተሸመነ ጥለት ሆኖ ያገኙታል። ቀጥለው የሚፈልጉትም የራሳቸውን ሰፈር ነው።

በብዙ መዋዕለ ሕፃናት ቀኑ የሚጀመረው ለባለአገሮቹ እውቅና በመስጠት ነው። ሕፃናቱ አጎንብሰው መሬት ይነካሉ፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ ያነሳሉ፤ ደረታቸውን ያቅፋሉ፤ የቆሙበት መሬት የማን እንደሆነ በስም ይናገራሉ። ይህን ማንም ሰው ማድረግ ይችላል። «እንኳን ወደ አገራችን መጣችሁ» ማለት የሚችለው ግን ባለአገሩ ብቻ ነው፤ በእንግዳ ቤት እንግዳ እንግዳን አይቀበልም። ድሮ ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ዳር ላይ ቁጭ ብሎ እስኪጠራ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ በሜልበርን የዉሩንጄሪ ሽማግሌዎች እንግዳ ሲቀበሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያቀርባሉ፤ «ዎሚንጄካ» ይላሉ። የዉሩንጄሪ ሽማግሌ ጆይ መርፊ ዋንዲን ይህንኑ ሥርዓት በ2016 በሥዕል ለልጆች መጽሐፍ አድርገው አውጥተውታል። ሕፃናቱ በስማቸው ብቻ አይጠሯቸውም፤ «አክስቴ ጆይ» ይሏቸዋል። ሽማግሌን አክስትና አጎት ብሎ መጥራት በአቦርጂናል ማኅበረሰብ የክብር መጠሪያ ነው፤ «ጋሼ» እና «እትዬ» እያለ ያደገ ልጅ ማብራሪያ አይፈልግም።

የጠዋቱ ቃል ግን በየቀኑ በቃል ከተወጣና ከዚያ ወዲያ ምንም ካልተከተለ ባዶ ይሆናል። ልጁ ስሙን ያውቃል፤ ባለስሙን አያውቅም። ደህና መምህር ከቃሉ በኋላ ልጆቹን ወደ ውጭ ይዞ ይወጣል።

ለምሳሌ ወደ ወንዙ። ሜልበርንን ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ በካርታ ላይ ያራ ይባላል። በ1835 ጆን ዌጅ የተባለ ቀያሽ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሲሄድ የሰማውን ቃል የወንዙ ስም መሰለው፤ እነሱ ግን የተናገሩት ስለሚወርደው ውኃ ነበር። ወንዙ ቀድሞውንም ስም ነበረው፤ ቢራሩንግ። በ2017 የቪክቶሪያ ፓርላማ ወንዙን የሚጠብቅ ሕግ ሲያወጣ ርዕሱን በእንግሊዝኛና በዉሩንጄሪዎች ቋንቋ አደረገው፤ ትርጉሙም ቢራሩንግ በሕይወት እንዲኖር ማድረግ ነው። ሕጉ ወንዙን ከነዳርቻው አንድ ሕያው ነገር አድርጎ ያየዋል። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ታሪክ በአንድ የእግር ጉዞ ይረዳዋል፤ በተሳሳተ ስም መጠራት ምን እንደሚመስል ልጆች ከማንም በላይ ያውቃሉና።

ከሜልበርን በስተ ምዕራብ፣ በደቡብ ምዕራብ ቪክቶሪያ፣ ከሁሉም የሚበልጥ የማስተማሪያ ቦታ አለ። ቡጅ ቢም ይባላል፤ የጉንዲጅማራ ሕዝብ አገር ነው። ቡጅ ቢም እሳተ ገሞራ ሲሆን ከ37,000 ዓመት ገደማ በፊት ፈንድቷል። በጉንዲጅማራ ትረካ ተራራው ራሱን የገለጠ ቀደምት ፈጣሪ ነው፤ ጉብታው ግንባሩ፣ ከውስጡ የፈሰሰው ድንጋይ ጥርሱ ነው። ቀልጦ ፈስሶ የጠነከረው ጥቁር ድንጋይ ውኃውን አግዶ ረግረግና ሐይቅ ፈጠረ። ጉንዲጅማራዎች ያን ድንጋይ እየፈለጡና እየካቡ ቦይ ቀደዱ፤ ግድብ ሠሩ፤ ኩሬ አበጁ። በቦዩ የሚመጣው እባብ መሰል ረጅም ዓሣ ነው፤ እነሱ ኩያንግ ይሉታል። ዓሣው በኩሬው ተይዞ ያድጋል፤ በቦዩ አፍ ላይ በተሰካ የተሸመነ ቅርጫት ይያዛል፤ በጭስ ደርቆ ይቀመጣል። የዚህ ሥራ ጥንታዊው ክፍል 6,600 ዓመት ሆኖታል። የጊዛ ፒራሚዶች ከዚያ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ያንሳሉ።

አንድ መምህር በዚህ ቦታ ምን ማስተማር እንደማይችል መገመት ይከብዳል። የሳይንስ ትምህርት አለ፤ ኩያንግ ካደገ በኋላ ወንዙን ለቆ በሺዎች ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ሞቃት ባሕር ሄዶ ይራባል፤ ጫጩቶቹ በውቅያኖስ ሞገድ ተንሳፍፈው ወደ ወንዞቹ ይመለሳሉ። የምሕንድስና ትምህርት አለ፤ ልጆች በአሸዋና በጠጠር ትንሽ ቦይ ሠርተው ውኃ ሲለቁበት የቁልቁለቱን ልክ መገመት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያዩታል። ታሪክም አለ። አቦርጂናል ሕዝቦች ሁልጊዜ ተንከራታች፣ ምንም ያልገነቡ ናቸው የሚለው የድሮ አባባል እዚያው ድንጋዩ ላይ ይፈርሳል፤ በቡጅ ቢም ክብ የድንጋይ ቤቶች ፍርስራሽ አለና። ሰፋሪዎች ሐይቁን ለግጦሽ አደረቁት። ጉንዲጅማራዎች ለዓመታት ተሟግተው በ2007 የመሬት መብታቸው ታወቀላቸው፤ በ2010 ውኃው ወደ ሐይቁ ተመለሰ፤ በሐምሌ 2019 ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በአውስትራሊያ ለአቦርጂናል ባህል እሴት ብቻ ተብሎ የተመዘገበ የመጀመሪያው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የሰደድ እሳት ሣሩን ሲያቃጥለው ከሥሩ ቀድሞ ያልታየ ቦይ ብቅ አለ።

ወቅቶችም ሌላ በር ናቸው። የአውስትራሊያ ልጆች ለረጅም ጊዜ ከአውሮፓ የመጡ አራት ወቅቶችን ሲማሩ ኖረዋል፤ በክፍላቸው ግድግዳ ላይ ቅጠሉ የሚረግፍ ዛፍ ተስሎ ነበር። በመስኮት አሻግረው የሚያዩት ባሕር ዛፍ ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። በፐርዝ አካባቢ ያለው የኑንጋር ሕዝብ ዓመቱን ለስድስት ይከፍለዋል። ማኩሩ ሰኔና ሐምሌን አካባቢ የሚይዘው ብርድና ዝናብ ነው፤ ካምባራንግ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ገደማ የዱር አበባ የሚፈነዳበት፣ እባብም ከጉድጓዱ መውጣት የሚጀምርበት ነው። የኑንጋርን አቆጣጠር የተማረ ልጅ ቀን መቁጠሪያውን በደጁ ላይ ያነበዋል። አደይ አበባ ሲፈነዳ መስከረም መጥባቱን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤትም ይህን እውቀት ከማኅበረሰቦቹ ጋር ሰብስቦ ያሳትማል።

ሰማዩም የአገሩ ክፍል ነው። የካሚላሮይ ሕዝብና ሌሎችም በሌሊት ሰማይ ላይ ኢሙን ያያሉ፤ ኢሙ የሰጎን ዓይነት ትልቅ ወፍ ነው። የሰማዩ ኢሙ የተሳለው በከዋክብት አይደለም፤ በከዋክብቱ መካከል ባለው ጨለማ ነው። አመሻሽ ላይ አንገቱን ዘርግቶ ሲሮጥ በሚታይበት ወቅት የምድሩ ኢሙ ለመራባት እየተጣደፈ ነው፤ አካሉ ቦታውን ሲለውጥ ዕንቁላሉ መቼ እንደሚገኝ ይታወቃል። ብርሃኑን ትቶ ጨለማውን ማየት ለሕፃን ዓይን አዲስ ልምምድ ነው። አንዴ ያየው ልጅ ዳግም ሰማዩን ሲመለከት ኢሙን አይስተውም።

ስለ ኡሉሩ ሳይነሳ ይህ ጉዳይ አይሞላም። በአህጉሩ መሐል በረሃ ላይ 348 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመው ቀይ ዓለት የአናንጉ ሕዝብ ነው። መንግሥት በጥቅምት 1985 መሬቱን ለእነሱ መለሰ፤ እነሱም ለብሔራዊ ፓርክነት ለ99 ዓመት አከራዩት። ጎብኚ ግን መውጣቱን ቀጠለ። አናንጉዎች እንዳይወጣ በጨዋነት የሚጠይቅ ጽሑፍ ለዓመታት ለጥፈው ነበር፤ የመወጣጫው መስመር ማላ የተባሉት ቀደምት አባቶች የሄዱበት የተቀደሰ መንገድ ነውና። ሰው ወድቆ ሲሞት ደግሞ የሚያዝኑት እነሱ ነበሩ፤ በአገራቸው ላይ ለሚደርሰው ኃላፊነት ይሰማቸዋል። በጥቅምት 26 ቀን 2019 መውጣት ተከለከለ።

ለልጆች ይህን ማስረዳት ከባድ አይደለም። በጫማ መቅደስ እንደማይገባ የተማረ ልጅ፣ ከፍ ያለ ቦታ ሁሉ ሊወጡበት የተሠራ እንዳልሆነ በቀላሉ ይቀበላል። ከዚህ ይልቅ ትልልቆቹን የሚያስደንቅ ሌላ ነገር በኡሉሩ አለ። አናንጉዎች ጁኩርፓ የሚሉት እውቀት ሕግም፣ ታሪክም፣ የዓለም አፈጣጠርም ነው፤ ደረጃ በደረጃ ይሰጣል። ሕፃን የሕፃን ልኩን ይሰማል፤ እያደገና እየተፈተነ ሲሄድ ጠለቅ ያለው ይከፈትለታል። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር እንኳ ቢሆን፣ የሚነገረው ለልጆች የሚነገረው ነው። ስለዚህ መምህር የሚያስተምረው ለሁሉም እንዲነገር ባለቤቶቹ የፈቀዱትን ብቻ ነው፤ የቀረውን አለማወቁን በግልጽ መናገሩም የትምህርቱ አካል ነው።

አቦርጂናል ልጆች ራሳቸውስ? ለእነሱ ትምህርት ቤት ከአገራቸው የሚነጥቃቸው ቦታ ሆኖ የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። በሰሜን አውስትራሊያ፣ በሰሜን ምሥራቅ አርነም ላንድ የሚገኘው የይርካላ ትምህርት ቤት ይህን ለመቀየር ብዙ ርቀት ሄዷል። በ1990 የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የሆነውና በኋላ በ«ዮቱ ዪንዲ» የሙዚቃ ቡድን ዓለም ያወቀው የአካባቢው የዮልንጉ ሕዝብ ተወላጅ፣ የዮልንጉና የነጮች እውቀት የሚገናኙበትን ትምህርት ገንብቷል። ምሳሌያቸው «ጋንማ» ነው፦ ከየብስ የሚወርደው ጣፋጭ ውኃና ከባሕር የሚገባው ጨው ውኃ የሚገናኙበት፣ አረፋ የሚደፍቁበት ቦታ። አንዱ ሌላውን አይውጠውም። በአርነም ላንድ ከ2013 ጀምሮ በተስፋፋው አገር ላይ የመማር ፕሮግራም ተማሪዎች ከሽማግሌዎችና ከአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች ጋር ወጥተው እሳት ያስተዳድራሉ፤ ዓሣ ይቆጥራሉ፤ የቦታ ስም በቋንቋቸው ይማራሉ። እዚያው አርነም ላንድ ውስጥ ባለችው በማኒንግሪዳ ተማሪዎች ሳይንስ ገና ስም ያልሰጣቸውን ሸረሪቶች አግኝተዋል።

ከባዱ ክፍል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጆች ይህ ሁሉ ትስስር ካለ መሬቱ እንዴት ተወሰደ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልሱም መደበቅ የለበትም። እንግሊዞች መሬቱን የማንም እንዳልሆነ ቆጥረው ወሰዱት። ይህን የሕግ እምነት የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሻረው በሰኔ 1992 ነው፤ ከቶረስ ስትሬት ደሴቶች የመጣው ኤዲ ማቦ ባቀረበው ክስ። ማቦ ፍርዱን አላየም፤ ከአራት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ አርፎ ነበር። ልጆችም ተወስደዋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በመንግሥት ፖሊሲ ከወላጆቻቸው የተነጠቁ ልጆች ቁጥር፣ በ1997 የወጣው የምርመራ ሪፖርት እንደገመተው፣ ከ1910 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት ከአሥር አንድ እስከ ከሦስት አንድ ይደርሳል። በየካቲት 2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። ለአምስት ዓመት ሕፃን አኃዙ አይነገርም፤ አንድ ልጅ ከእናቱና ከቋንቋው ቢርቅ ምን እንደሚያጣ ግን ሊነገረው ይችላል። የጠፋው ሲመለስም ሊያይ ይገባዋል፦ በኮፍስ ሃርበር ከተማ በ2022 የተከፈተ ትምህርት ቤት ልጆችን በጉምባይንጊር ቋንቋና በእንግሊዝኛ ያስተምራል።

በቅን ልብ የሚሠሩ ስህተቶችም አሉ። በጣም የተለመደው ነጠብጣብ ሥዕል ነው። ሕፃናት ቡናማ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ካንጋሮ ይሥላሉ፤ የአቦርጂናል ባህል ተማሩ ይባላል። ያ የአሳሳል ስልት ወደ ዓለም የወጣው በመካከለኛው በረሃ ከፓፑንያ ነው። በ1971 የመንደሩ ሽማግሌዎች የማር ጉንዳንን ትረካ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሥለው ነበር፤ ግድግዳው በኋላ በቀለም ተሸፈነ። እያንዳንዱ ምልክት የአንድ ቤተሰብ፣ የአንድ ቦታ ንብረት ነው። ከዚያ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር የሜልበርን ሕፃን ምልክቱን ሲገለብጥ ስለ ዉሩንጄሪ ምንም አይማርም። ከዚያ ይልቅ በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለችውን አንዲት ዛፍ ዓመቱን ሙሉ እያየ የራሱን ሥዕል ቢሥል ወደ ቁም ነገሩ ይጠጋል። «ሊትል ጄ እና ቢግ ከዝ» የተባለው የልጆች የካርቱን ፊልምም ከ2017 ጀምሮ ጥሩ ረዳት ሆኗል፤ ገጸ ባሕርያቱ ዛሬ የሚኖሩ፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ፣ አያታቸው የምታሳድጋቸው አቦርጂናል ልጆች ናቸው።

በሜልበርን ፉትስክሬይ ሰፈር የጀበና ቡና ሽታ ከየምግብ ቤቱ ይወጣል። እዚያ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች «ዎሚንጄካ» የሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት ይዘው ይገባሉ። ወላጆች ነገሩን የነጭና የጥቁር የአገር ውስጥ ጉዳይ አድርገው እንዳያልፉት ያስፈልጋል። ዜግነት የሰጣቸው መንግሥት ነው፤ የቤቱ ባለቤት ግን ሌላ ነው። አገር ትቶ መምጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ወላጅ፣ አገሩ ውስጥ ሳለ አገሩን የተነጠቀ ሰው ምን እንደሚሰማው ለልጁ ከማንም በተሻለ ሊነግረው ይችላል። መነሻም አለው፦ ያ የሰላምታው ቅጠል አያት ቤት ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ዘመድ ነው።

አገርን መነጠቅና መመለስ ምን እንደሆነ ለትንንሾቹ ልጆች የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ አለ። በነሐሴ 1966 በሰሜን አውስትራሊያ በዌቭ ሂል የከብት እርባታ ይሠሩ የነበሩ ወደ 200 የጉሪንጂ ሕዝብ እረኞች፣ የቤት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው በቪንሰንት ሊንጊያሪ መሪነት ሥራቸውን ትተው ወጡ። ነገሩ የደመወዝ ጥያቄ መስሎ ነበር፤ የጠየቁት ግን መሬታቸውን ነው። ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ። በነሐሴ 16 ቀን 1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም መጥተው ከመሬቱ አፈር ዘግነው በሊንጊያሪ መዳፍ ላይ አፈሰሱ። አቦርጂናል የሆነው ፎቶ አንሺ መርቪን ቢሾፕ ሥነ ሥርዓቱ ሲከናወን ጥላ ሥር ስለነበሩ ብርሃኑ አልበቃውም፤ ሁለቱን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ በሰማያዊው ሰማይ ሥር፣ አፈሩን ዳግም እንዲያፈሱት ጠየቃቸው። ፎቶግራፉ ያ ነው። ካልካሪንጂ በተባለችው መንደር በየነሐሴው የጉሪንጂ ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር ያንኑ መንገድ በእግራቸው ይሄዱበታል።